የኦዲት ክፍያ ከነሰዓቱ ይነገረን

ለኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ
አዲስ አበባ

የተከበራችሁ የቦርዱ ኃላፊዎች፣

የምጽፍላችሁ በኦዲት ሙያ ውስጥ ያለሁ ሰው ነኝ። ጉዳዩ የጉቦ ስጋት ያለበትን ድርጅት ለመመርመር ስለሚጠየቀው ዋጋ ነው።

ኦዲተር ዋጋ ከማቅረቡ በፊት ደንበኛውን መመዘን አለበት። ገቢው በመንግሥት ጨረታ ላይ የቆመ ነው? ዕቃው በጉምሩክ ያልፋል? ኮሚሽን የሚከፈላቸው ጉዳይ አስፈጻሚዎች አሉት? ካሉት ስጋት አለ። ያኔ ወይ ሥራውን ይተዋል፣ ወይ ሰዓትና ልምድ ያለው ባለሙያ ይጨምራል፣ ወይ ደግሞ ምርመራውን ሳይጨምር የሚጠይቀውን ክፍያ ብቻ ከፍ ያደርጋል። ይህ የመጨረሻው ለኦዲተሩ የክስ መጠባበቂያ ይሆነዋል እንጂ ለባለአክሲዮኑ ምንም አይፈይድም።

እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ከዚህም የባሰ ነው። ጨረታ ይወጣል፣ ዝቅተኛ ዋጋ የሰጠ ይወስዳል። የተሸነፈው በሚቀጥለው ዓመት ዋጋውን ይሰብራል። በዚያ ገንዘብ የሚላኩት ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጡ ልጆች ናቸው። «የማማከር አገልግሎት» የሚል ክፍያ ያያሉ። ደረሰኝ አለው፣ ተፈርሟል፣ ያልፋል። አማካሪው ማነው፣ ምን አማከረ ብሎ ለመጠየቅ ጊዜ የላቸውም። በልጆቹ አልፈርድም።

ጉቦ ግን በስሙ አይመዘገብም። የጀርመኑን ኩባንያ ሲመንስን አስታውሱ። የአሜሪካ የካፒታል ገበያ ተቆጣጣሪ እንዳለው ኩባንያው እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2007 ቢያንስ 4,283 ጉቦዎች ከፍሏል። ድምሩ 1.4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ብዙው የወጣው በማማከር ውል ስም ነው። በ2003 ኦዲተሩ ኬፒኤምጂ ወደ ናይጄሪያ በጥሬ የተወሰደ 4.12 ሚሊዮን ዩሮ አይቶ ይጣራ ብሎ ነበር። ኩባንያው ውስጥ ሪፖርት ተጻፈ። እርምጃ ግን አልተወሰደም። በ2008 ሲመንስ ለአሜሪካና ለጀርመን 1.6 ቢሊዮን ዶላር ያህል ለመክፈል ተስማማ። ጉዳዩን ለማጣራት ጠበቆችና የሂሳብ ባለሙያዎች 1.5 ሚሊዮን ያህል የሥራ ሰዓት ፈጅተዋል። ያ ሁሉ ሰዓት የመጣው ፖሊስ ቢሮውን ከፈተሸ በኋላ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ኦዲተር ባለአክሲዮን ይከሰኛል ብሎ ይሰጋል። ዋጋውን የሚያስወድደው፣ ሰዓቱንም የሚያስጨምረው አንዱ ይህ ነው። እዚህ ኦዲተሩን የከሰሰ ባለአክሲዮን ብዙም አንሰማም። ስለዚህ ያንን ስጋት ልትፈጥሩ የምትችሉት እናንተ ናችሁ። የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847 ኦዲተሮችን የመመዝገብና የመቆጣጠር ሥልጣን ሰጥቷችኋል።

የምጠይቀው ይህንን ነው። አክሲዮን ማኅበራትና የመንግሥት ልማት ድርጅቶች ለኦዲተር የከፈሉትን ገንዘብና የተሠራበትን ሰዓት በዓመታዊ ሪፖርታቸው ያውጡ። ዋጋው ከሥራው ጋር የማይመጣጠን ሲሆን ተቆጣጣሪዎቻችሁ መጀመሪያ የዚያን ኦዲት ፋይል ያስከፍቱ፤ የጉቦ ስጋት ተመዝኖ እንደሆነም ይዩ። ሥራ አመራሩ ጆሮ ዳባ ልበስ ያለው ኦዲተር ደግሞ ደንበኛውን አጣለሁ ሳይል ያየውን ለእናንተ የሚያደርስበት መንገድ ይኑረው። ይህ የመጨረሻው ከሁሉ ይቅደም።

ከአክብሮት ጋር

ግልባጭ፦
ለፌዴራል ሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን