ሞግዚቷን አታሰናብቻት

ይድረስ ለምወድሽ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጅሽ፣ ባለቤትሽ፣ እናትሽ እንዴት ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እኔ ኮዬ ፈጬ፣ አንቺ የካ አባዶ ከገባን ወዲህ አንድ ከተማ እየኖርን ተጠፋፋን። ታክሲውም፣ ሥራውም፣ ኑሮውም ተባብረው ዝም አሰኙን። መልእክትሽን ሳነብ ግን በአጭሩ መመለስ አልቻልኩም።

«ልጄ ሞግዚቷን እማ ይላታል። እሷ ስትወጣ ያለቅሳል፤ እኔ ስሄድ ዝም ይላል። ወሩ ሲያልቅ አሰናብታታለሁ» ብለሻል። እህቴ፣ እባክሽ አታሰናብቻት። የምሠራው ሕፃናት ማቆያ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ጠዋት ጠዋት የሚያለቅሱትን ልጆች ከእናቶቻቸው እጅ የምቀበለው እኔ ነኝ። ስለዚህ ነገር ያገኘሁትን ሁሉ የማነበውም ለዚህ ነው።

እስቲ ጊዜውን እናስላ። በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ የወሊድ ፈቃዱ 120 ቀን ነው፤ 30ው ከመውለድሽ በፊት፣ 90ው ከወለድሽ በኋላ። ለባለቤትሽ ደግሞ 3 ቀን። ሕፃን ገና ሲወለድ የእናቱን ድምፅ ይለያል፤ ጠረኗንም ያውቃል። ያም ሆኖ እስከ 6 ወር ገደማ ሌላ ሰው ቢያቅፈውም ብዙ አይከፋውም። «የኔ» የሚለውን ሰው አጥብቆ የሚይዘው ከ7 እና ከ8 ወሩ ጀምሮ ነው። እንግዳ ሲያይ የሚሸሸው፣ የወደደው ሰው ከቤት ሲወጣ የሚጮኸው ያኔ ነው። በዚያ ወቅት አንቺ ከንጋቱ 12 ሰዓት የአውቶብስ ሰልፍ ላይ ነበርሽ። ስትመለሺም ይመሻል። ቀኑን ሙሉ ያዘለችው፣ ያበላችው፣ ሲወድቅ ያነሳችው፣ እሹሩሩ ያለችው እሷ ናት። ልጁ ቢወዳት ምን ይገርማል? ባይወዳት ነበር እኔ የምሰጋለት።

ደግሞም ካንቺ የወሰደችው ነገር የለም። ሩዶልፍ ሻፈርና ፔጊ ኤመርሰን የሚባሉ ተመራማሪዎች ስኮትላንድ ውስጥ፣ ግላስጎው ከተማ፣ 60 ሕፃናትን በየቤታቸው እየሄዱ ተከታትለዋል። ጥናታቸው የታተመው በ1964 ነው፤ የምጠቅስልሽ ዓመት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው። አንድ ዓመት ተኩል ሲሞላቸው አብዛኞቹ ልጆች የሚወዱት ሰው ከአንድ በላይ ነበር። እናት፣ አባት፣ አያት፣ ታላቅ ወንድም። ልጁን የሚያስረው ደግሞ አብሮ የተዋለው ሰዓት ብዛት ብቻ አልነበረም። ሲያለቅስ ቶሎ የሚደርስለት፣ ሲስቅ አብሮት የሚስቅ ሰው ጥቂት ሰዓት ቢያገኘውም ይወደድ ነበር። ይህ ላንቺም ለባለቤትሽም ነው የተባለው።

«እኔ ስሄድ ዝም ይላል» ያልሽው ነገር ሆድሽን እንዳባባው ይገባኛል። እኔ ግን በሌላ በኩል አየዋለሁ። ዝም የሚለው ከሚያምናት ሰው ጋር ስለሚቀር ነው። ሜሪ ኤንስዎርዝ የምትባል ተመራማሪ በ1954 እና በ1955 እዚሁ አፍሪካ፣ ኡጋንዳ ውስጥ፣ ካምፓላ አካባቢ ያሉ መንደሮች እየዞረች 26 ቤተሰቦችን ታይ ነበር። የጻፈችውን ሳነብ የኛው ግቢ መሰለኝ። ዳዴ የሚል ልጅ ከእናቱ ጭን ወርዶ ትንሽ ይርቃል። ዞር ብሎ ያያታል። አለች። እንደገና ይሄዳል። ሲፈራ ተመልሶ ጭኗ ላይ ይወጣል። የሚመለስበት ሰው ስላለው ነው የሚደፍረው።

ኤንስዎርዝ በኋላም አሜሪካ ባልቲሞር ውስጥ የአንድ ዓመት ልጆችን ተመለከተች። እናትየው ለጥቂት ደቂቃ ከክፍሉ ትወጣለች፣ ትመለሳለች። ከለቅሶው ይልቅ ብዙ የሚናገረው ልጁ እናቱ ስትመለስ የሚያደርገው ነገር ነበር። አንቺ ደግሞ መልእክትሽ መጨረሻ ላይ «ማታ ከገባሁ ከላዬ አይወርድም፣ ሥራ አያሠራኝም» ብለሻል። እንደ ቅሬታ ነው የጻፍሽው። ለእኔ ግን የምሥራች ነው! ልጅሽ ሲጠብቅሽ ነው የሚውለው።

አሁን ወደሚያስፈራኝ ልምጣ። ልጅ ከሚያሳድገው ሰው ጋር ስላለው ትስስር በመጻፍ ቀዳሚ የሚባለው እንግሊዛዊው የአእምሮ ሐኪም ጆን ቦልቢ ነው። በ1907 ለንደን ውስጥ ከሀብታም ቤት ተወለደ። እንደ ዘመኑ ልማድ እናቱን የሚያገኛት በቀን አንድ ሰዓት ያህል ነበር። ያሳደገችው ሞግዚት ናት። 4 ዓመት ሊሞላው ሲል ያቺ ሞግዚት ቤቱን ለቃ ሄደች። ካደገ በኋላ ሐዘኑን እናት ከማጣት የማይተናነስ አድርጎ ነው የገለጸው።

የሥራ ባልደረባው ጄምስ ሮበርትሰን ደግሞ ሆስፒታል የተኙ ትንንሽ ልጆችን ተከታተለ። ያኔ ወላጅ ልጁን የሚጠይቀው በተወሰነች ሰዓት ብቻ ነበር። ልጆቹ መጀመሪያ ይጮሃሉ፣ በር በር ያያሉ። ከዚያ ዝም ብለው ያዝናሉ። በመጨረሻ ይበላሉ፣ ይጫወታሉ፣ ለሁሉም ፈገግ ይላሉ፤ እናታቸው ስትመጣ ግን ፊታቸውን ያዞራሉ። ነርሶቹ ተሽሏቸዋል ይሉ ነበር። እኔም በየሁለት ሦስት ወሩ ሞግዚት የተቀያየረበትን ልጅ ማቆያው ሲመጣ አውቀዋለሁ። ማንም ቢያነሳው እሺ ይላል። ሰው «ጨዋ ልጅ» ይለዋል። እኔ ግን ሌሊት ሳይቀር አስበዋለሁ።

ስለዚህ ልጅቷ ትቆይ። አንቺ ከምሽቱ ላይ የራስሽን ሰዓት ያዢ። ቤት እንደገባሽ ወጡም ልብሱም ይቆይ፤ ስልክሽንም አስቀምጪ። ኤድዋርድ ትሮኒክ የሚባል ተመራማሪ በ1970ዎቹ እናቶች ልጃቸውን እያዩ ፊታቸውን ለአጭር ጊዜ ዝም እንዲያደርጉ ጠይቋቸው ነበር። ሕፃናቱ ፈገግ ብለው፣ ድምፅ አሰምተው ሊመልሷቸው ይሞክራሉ፤ አልሆን ሲላቸው ይዞራሉ። ይህን ካነበብኩ በኋላ ልጅ ይዘው ቲክቶክ የሚያዩ ሰዎችን ሳይ ዝም ማለት አቅቶኛል። እና ጠዋት ተደብቀሽ አትውጪ። ቢያለቅስም ስመሽው፣ «ማታ እመጣለሁ» ብለሽው ሂጂ። በተደበቅሽ ቁጥር፣ አጠገቡ ሆነሽ ሲያይሽም አያምንሽም።

አንድ ቀን እሷም ትሄዳለች፤ ልታገባም፣ የተሻለ ደሞዝ አግኝታም። ያኔ በድንገት አይሁን። አዲሷ ከእሷ ጋር አንድ ሁለት ሳምንት አብራ ትዋል። ልጁ ቻው ይበላት። ፎቶዋ ቤት ይቀመጥ፤ አልፎ አልፎም ትደውልለት። «ይረሳታል» የሚልሽን አትስሚ።

ማታ ልማር እያለች ስትጠይቅሽ ነበር አይደል? ፍቀጂላት። ከቻልሽ ደሞዟንም ጨምሪላት፤ ለልጅሽ ከምትገዢው መጫወቻ ሁሉ ይበልጥበታል። የወሰንሽውን ጽፈሽ ላኪልኝ፤ ከዚህ በኋላ አንጠፋፋ። ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፤ የእናትሽን ጉልበት ሳሚልኝ።

ያንቺው፣ የኮዬ ፈጬዋ