ለ«አልዕሉ አልባቢክሙ» የምንሰጠው መልስ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በአንባብያን ገጻችሁ ላይ በየጊዜው የሚነሣ አንድ ቅሬታ አለ፤ እኔም በደሴ እህል በረንዳ ከማገኛቸው ሰዎች አፍ ዘወትር እሰማዋለሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ ይፈስሳል፤ የሁዳዴን 55 ቀን የሚጾመው፣ መስከረም 21 ቀን ወደ ግሸን ደብረ ከርቤ የሚወጣው ሕዝብ ስፍር ቍጥር የለውም፤ ታዲያ ሚዛኑ ያው የተዛባ ሚዛን፣ ምላሱም ያው የሐሜት ምላስ ሆኖ የቀረው ስለ ምንድን ነው? የሚል ቅሬታ ነው። ብዙዎቹ ጸሐፊዎች ጥፋቱን በትምህርት ማነስ ላይ ያደርጉታል። እኔ በዚህ አልስማማም። ትምህርቱ አለ፤ የጎደለን ልብ ነው፤ ልብ ስልም «ልብ በል» ስንባባል የምናነሣውን ልብ ማለቴ ነው።

አማርኛችን በዚህ በኩል ሀብታም ነው። አንድን ነገር በማስተዋል መከታተል «ልብ ማለት» ነው፤ አሳቡ የኮበለለበት ሰው «ልቡ ሸፍቷል» ይባላል፤ ልጅ አድጎ ማስተዋል ሲጀምር ደግሞ «ልብ ገዛ» ይባልለታል። ነጋዴ ስለ ሆንሁ ይህ የመጨረሻው አነጋገር ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ ልብ ያለ ዋጋ እንደማይገኝ የተናገረው ሰው ገበያ የሚያውቅ ሰው መሆን አለበት። ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ሮሜ ሰዎች በላከው መልእክት በ12ኛው ምዕራፍ «በልባችሁ መታደስ ተለወጡ እንጂ ይህን ዓለም አትምሰሉ» ሲል፣ በግሪክኛው ያለው ቃል አእምሮ ማለት ሆኖ ሳለ ተርጓሚዎቻችን «ልብ» ብለው ማስቀመጣቸው ተገቢ ይመስለኛል። ንስሐ የምንለውም በግሪክኛው «ሜታኖያ» ሲሆን፣ ቃሉ የአሳብን መለወጥ ያመለክታል። ሰው በአሳቡ ውሎ የሚያድርበትን ነገር ቀስ በቀስ መምሰሉ አይቀርም፤ ሐዋርያው ተለወጡ ባለበት አንቀጽ ዓለምን አትምሰሉ ማለቱም ከዚህ የተነሣ ነው።

ይህንኑ ቅዳሴያችን በየሳምንቱ ይጠይቀናል። ካህኑ «አልዕሉ አልባቢክሙ»፣ ልባችሁን ከፍ አድርጉ ሲል፣ ሕዝቡ «ብነ ኀበ እግዚአብሔር አምላክነ»፣ በአምላካችን በእግዚአብሔር ዘንድ አለን ብሎ ይመልሳል። ዲያቆኑም በየመካከሉ «እለ ትነብሩ ተንሥኡ»፣ የተቀመጣችሁ ተነሡ፤ «ውስተ ጽባሕ ነጽሩ»፣ ወደ ምሥራቅ ተመልከቱ፤ «ንነጽር»፣ እናስተውል እያለ መጀመሪያ እግራችንን፣ ቀጥሎ ዓይናችንን፣ በመጨረሻም ማስተዋላችንን ይሰበስባል። እኔ ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ ስመልስ የኖርሁ ሰው ነኝ። ነገር ግን እውነቱን ለመናገር፣ «ብነ» ባልሁባቸው በብዙዎቹ እሑዶች ልቤ የነበረው በኮምቦልቻ በኩል ይመጣል በተባለ የማሽላ መኪና ላይ ነው። ካህኑ ልብህን ከፍ አድርግ አለኝ፤ እኔም ከፍ አድርጌዋለሁ ብዬ በመቅደሱ ፊት ዋሸሁ። (ይህን ደብዳቤ ስጀምር ስልካቸውን በነጠላ ከልለው የሚያዩትን ወጣቶች ልወቅስ አስቤ ነበር፤ የእኔ ማሽላ ከእነርሱ ስልክ በምን ይሻላል ብዬ ተውሁት።)

ሱቃቸው ከሱቄ ግድግዳ የሚጋራው ሐጂ ይህንን ስነግራቸው ሣቁና፣ «በእኛም ሶላት ያለ ኒያ፣ ያለ ልብ አሳብ፣ አይቆምም፤ ልብ ሳይነይት ጉልበት ቢንበረከክ ትርፉ ድካም ነው» አሉኝ። ሃይማኖታችን ይለያያል፤ ወሎዬ ግን ከጎረቤቱ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ ዝም ብሎ አያልፍም።

በዚህ ጉዳይ ላይ አሁን አሁን የሚሰማ አንድ ስብከት ደግሞ አለ። ሀብትን አስብ ሀብታም ትሆናለህ፣ ክፉውን አታስብ ክፉው አይነካህም የሚል ነው፤ ጥቅሱም አብዛኛውን ጊዜ ከፊልጵስዩስ መልእክት 4ኛ ምዕራፍ ይጠቀሳል። እውነተኛ የሆነውን፣ ንጹሕ የሆነውን፣ ፍቅር ያለበትን፣ መልካም ወሬ ያለበትን ነገር ሁሉ አስቡ ብሎ የጻፈው ሐዋርያ ግን በዚያው መልእክት መጀመሪያ ላይ ስለ ገዛ እስራቱ የሚናገር ሰው ነው። በሰንሰለት ላይ ሆኖ የጻፈውን ቃል የትርፍ ማግኛ ብልሃት ማድረግ ለእኔ ድፍረት ነው። በአንጻሩም «በላይ ያለውን አስቡ እንጂ በምድር ያለውን አይደለም» የሚለውን የቆላስይስ መልእክት ቃል ይዘው ከኑሮ መሸሽን የሚሰብኩ አሉ። እነርሱም ምዕራፉን ጥቂት መስመር ወረድ ብለው ቢያነቡት ጥሩ ነበር። ሐዋርያው በላይ ያለውን አስቡ ካለ በኋላ የሚዘረዝረው ቍጣን ስለ መተው፣ እርስ በርስ ውሸት ስላለመነጋገር፣ የበደለንን ይቅር ስለ ማለት ነው። የላዩ አሳብ የሚፈተነው ታች፣ በሚዛኑ ዘንድ ነው ማለት ነው።

ልብን የመሰብሰብ ነገር በሥራ የሚለመድ ለመሆኑ ከእኛው አገር ምስክር አለ። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያስተማሩት አባ ኢየሱስ ሞዐ፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ከመሰሉ ደቀ መዛሙርት ጋር የሚነሡ አባት ብቻ ሳይሆኑ መጻሕፍት ጸሐፊም ነበሩ። ብራና ላይ ሲጽፉ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ልቡ የሸፈተ ጸሐፊ መስመር ይዘላል፣ የዘለለውም መስመር እርሱ ከሞተ በኋላ ለሚመጣው አንባቢ ሁሉ ይጎድላል። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፅ በረሃ የኖረው መነኵሴ ኤቫግሪዮስም፣ ክፉ አሳብ መጥቶ ማወኩ በእጃችን እንዳልሆነ፣ አድሮ መሰንበቱ ወይም አለመሰንበቱ ግን በእኛ እንደ ሆነ አስተምሯል። ይህን ትምህርት ከሰማሁ ቆይቻለሁ፤ የገባኝ ግን ዘግይቶ ነው።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ሱቄን ዘግቼ ከቤተሰቤ ጋር ወጣሁ፤ ስመለስ በሩ ተሰብሮ፣ ሠላሳ ሰባት ኩንታል እህል ተወስዶ ጠበቀኝ። ማን እንደ ወሰደው አላውቅም፤ የማላውቀው መሆኑም ነገሩን አባሰው፤ ምክንያቱም ፊት የሌለው ሌባ የሁሉንም ሰው ፊት ይይዛል። ለወራት በመንገድ የሚያልፈውን ሁሉ እጠረጥር ነበር። ቅዳሴ ቆሜ ኩንታሎቹን እቈጥራለሁ፤ ማታ ተኝቼም እቈጥራለሁ፤ የገበያውን የዋጋ ጭማሪ ስሰማ ደግሞ ዛሬ ስንት ያወጡ እንደ ነበር አሰላለሁ። በዚያ ጊዜ አንድ ቀን እንኳ ጾም አልፈታሁም። ጠባዬ ግን ከፍቶ፣ ልጆቼ ድምፄን ሲሰሙ ጨዋታቸውን የሚያቋርጡ ሆነው ነበር።

የንስሐ አባቴ ስንት ኩንታል እንደ ጠፋብኝ ጠየቁኝ። ነገርኋቸው። «እንግዲያውስ መቍጠሩን አትተው» አሉኝ፤ «በእያንዳንዱ ኩንታል ግን ለወሰደው ሰው አንድ ‹እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ› በልለት፤ ሠላሳ ሰባቱ ሲያልቅ ከሥር ጀምር።» አርባ አንዱን ኪርያላይሶን (አቤቱ ማረን የሚለውን ጸሎት) ለራሴ ማድረስ ሳይከብደኝ ይህ እጅግ ከበደኝ፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከአሥረኛው ኩንታል አላልፍም ነበር፤ ተናድጄ መቍጠሪያውን ያስቀመጥሁበት ጊዜም አለ።

እስካሁን እቈጥራለሁ። አንዳንድ ቀን እጨርሳለሁ፣ አንዳንድ ቀን አልጨርስም። ባለፈው እሑድ ግን ካህኑ «አልዕሉ አልባቢክሙ» ሲሉ ከሕዝቡ ጋር መለስሁ፤ ኩንታሎቹን እንዳላሰብኋቸው ያስተዋልሁት «ነአኵተከ እግዚኦ» ተብሎ ቅዳሴው ከቀጠለ በኋላ ነው፤ ያን ባስተዋልሁበት ቅጽበትም ተመልሰው መጡ።

ከአክብሮት ጋር፣
የእህል ነጋዴ፣ ከደሴ