የዓይን ግፊት ጠብታና የፀጉር ተስፋ

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የዓይን ግፊት ወይም ግላኮማ ያለባቸው ሰዎች በየምሽቱ የሚጨምሩት የፕሮስታግላንዲን (ሰውነት ራሱ ለልዩ ልዩ ሥራ የሚያመነጨው ንጥረ ነገር) ዓይነት ጠብታ ሽፋሽፍት እንደሚያሳድግ የሰሙ ወጣቶች ወደ መድኃኒት ቤት እየመጡ ያለ ሐኪም ማዘዣ መጠየቅ ከጀመሩ ቆይተዋል፤ አሁን ደግሞ የራስ ፀጉራቸው የሳሳ ወንዶች ተጨምረዋል። የመድኃኒት ባለሙያ እንደመሆኔ፣ ምርምሩ ያረጋገጠውን ካላረጋገጠው ለይቶ የሚያስረዳ ጽሑፍ በጤና ዓምዳችሁ እንድታወጡ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ፕሮስታግላንዲን ዓይንን ያስቆጣል፣ ግፊቱንም ይጨምራል ተብሎ በሚታመንበት ዘመን፣ ተመራማሪዎቹ ካርል ካምራስና ላስሎ ቢቶ ከባልደረባቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተሙት ጥናት በጥንቸሎች ዓይን ላይ ሲጨመር ግፊትን ሊቀንስ እንደሚችል አሳዩ። ከዚህ መንገድ የተገኘው ላታኖፕሮስት የተባለው የዓይን ጠብታ እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካ ጸደቀ። መድኃኒቱ በዓይን ውስጥ የሚመነጨው ፈሳሽ ከዋናው መውጫው በተጨማሪ በውስጠኛው ጡንቻ በኩል ባለው መንገድ በብዛት እንዲወጣ በማድረግ ግፊቱን ይቀንሳል። ግፊትን ከመቀነስ አልፎ ዕይታንም እንደሚጠብቅ የታየው በብሪታንያ በተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2015 ውጤቱ በታተመ ጥናት ነው፤ በሽታው አዲስ ከተገኘባቸው 516 ሰዎች መካከል መድኃኒትነት የሌለው ጠብታ ከተሰጣቸው ከመቶ 26 ያህሉ በሁለት ዓመት ውስጥ የዕይታ አድማሳቸው ሲጎዳ፣ ላታኖፕሮስት ከተሰጣቸው ግን የተጎዱት ከመቶ 15 ያህሉ ነበሩ። የዓይን ሞራ በቀዶ ሕክምና ይገፈፋል፤ በግላኮማ የጠፋ ዕይታ ግን አይመለስም። በሁለቱ ቡድኖች መካከል የታየው ልዩነት ትልቅ ነው የምለውም ለዚህ ነው።

የሽፋሽፍቱ ነገርም እውነት ነው፤ አልክድም። ጠብታውን በአንድ ዓይናቸው ብቻ በሚጨምሩ ታማሚዎች ላይ ጠብታው የሚገባበት ዓይን ሽፋሽፍት ረዝሞ፣ ወፍሮና ጠቁሮ መታየቱ እ.ኤ.አ. በ1997 ተዘግቧል፤ ቢማቶፕሮስት የተባለው የዚሁ ወገን መድኃኒትም እ.ኤ.አ. በ2008 ለሳሳ ሽፋሽፍት በአሜሪካ ተፈቅዷል። የተፈቀደው ግን በሐኪም ትእዛዝ፣ በላይኛው ሽፋሽፍት ሥር ብቻ በንጹሕ መቀቢያ እንዲቀባ ሲሆን፣ ሲቆም ሽፋሽፍቱ ቀስ በቀስ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። የዓይን ቆብ ቆዳ መጥቆርና የዓይን መቅላት ሊያስከትል ይችላል፤ በዓይን ዙሪያ ያለው ስብ ሲመነምንም ዓይኑ ወደ ውስጥ የገባ ይመስላል።

ወደ ራስ ፀጉር ስንመጣ ግን ማስረጃው እጅግ ይሳሳል። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ነው፤ ፀጉራቸው መሳሳት በጀመረ 16 ወንዶች ላይ ላታኖፕሮስት ለ24 ሳምንታት ሲቀባ የፀጉራቸው ብዛት ጨምሯል። ነገር ግን 16 ሰው ጥቂት ነው፤ በዚያ ላይ የተቀባው መድኃኒት 0.1 በመቶ ሲሆን የዓይን ጠብታው 0.005 በመቶ ነው፤ ማለትም ሃያ እጥፍ የቀጠነ ነው። በ2.5 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ መላጣውን የሚያሽ ሰው እንግዲህ ጥናቱ የሞከረውን እያደረገ አይደለም። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ተመራማሪዎች በራሰ በራ ወንዶች የራስ ቆዳ ላይ ፕሮስታግላንዲን ዲ2 የተባለው ሌላው ዓይነት በዝቶ እንደሚገኝና የፀጉርን ዕድገት እንደሚገታ ደርሰውበት ነበር። የዲ2ን ሥራ ለመግታት የተሞከረው ሴቲፒፕራንት የተባለ እንክብል ግን በወንዶች ላይ ሲፈተን መድኃኒትነት ከሌለው እንክብል የተሻለ ፀጉር አላበቀለም። በቤተ ሙከራ ተስፋ የሰጠ ነገር በሰው ላይ ሳይሳካ መቅረቱ በሕክምና ምርምር የተለመደ ነው፤ የሚያሳዝነው ተስፋው ብቻ ተነጥሎ ወደ ሕዝብ መድረሱ ነው።

ይህን ሁሉ ያነሳሁት አንድ አባት ጠብታቸው ጊዜው ሳይደርስ እያለቀ ስላስቸገራቸው ነው። ለሁለቱም ዓይን ቢጨምሩበት እንኳ ከወር በላይ የሚበቃ ብልቃጥ ነበር። «አባባ፣ ስንት ስንት ጠብታ ነው የሚጨምሩት?» ብዬ ስጠይቃቸው አብራቸው የመጣችው ልጃቸው አንገቷን ደፍታ፣ ለሽፋሽፍቷ ትንሽ እየወሰደች በመኳኳያ ብሩሽ እንደምትቀባበት ነገረችኝ። ልጅቷ ክፋት አልነበራትም፤ የሰማችውን ነው ያደረገችው። ብሩሹ የብልቃጡን አፍ በነካ ቁጥር ግን ጠብታው በጀርም ሊበከል ይችላል፤ አባቷም ብልቃጡ ባለቀባቸው ቀናት ሁሉ የዓይናቸው ግፊት ያለ መድኃኒት ይቀራል፣ እሳቸውም ምንም ሕመም ስለማይሰማቸው አያውቁትም።

በመዋቢያ ስም የሚሸጡ አንዳንድ የሽፋሽፍት ማሳደጊያዎችም የፕሮስታግላንዲን ዘመዶችን ይይዛሉ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2007 ቢማቶፕሮስት የተገኘበትን እንዲህ ያለ ምርት አስይዟል። እነዚህን የሚጠቀም ሰው የዓይን ግፊቱ ሲለካ ለሐኪሙ ካልተናገረ፣ ቅባቱ ግፊቱን ዝቅ አድርጎ የሕመሙን ምልክት ሊሸፍን ይችላል፤ የግላኮማ ጠብታ የሚጨምር ሰው ሲደርበው ደግሞ የጠብታውን ሥራ ሊያዛባበት ይችላል።

ስለዚህ በዓምዳችሁ ስለ ፀጉር መድኃኒት ስትጽፉ ጥናቱ በስንት ሰው ላይ፣ በምን ያህል መጠንና በየትኛው የሰውነት ክፍል እንደተደረገ አብራችሁ እንድትገልጹ፣ ከተቻለም አንድ የዓይን ሐኪምና አንድ የቆዳ ሐኪም በአንድ ገጽ ላይ ለአንባቢ ጥያቄዎች መልስ እንዲሰጡ እንድትጋብዙ እለምናለሁ። ለዚህ ገጽ የሚያስፈልገውን የመድኃኒት መረጃ በማሰባሰብ ለማገዝ ፈቃደኛ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር
የመድኃኒት ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ