ይድረስ ለአስማማው፣ ደባርቅ

ሰላም ለአንተ ይሁን አስሜ! እንደምን ከርመሃል? ልጆቹስ? እኛ ጎንደር ደህና ነን፣ ክብሩ ይስፋ። መጥፋቴን አውቀዋለሁ፤ ይቅር በለኝ። አንተም ብትሆን ስልክ አልደወልክምና እኩል ነን ብለን እንለፈው። ጉዳይ ባይኖረኝ ኖሮ እስከ ፋሲካም ባልጻፍኩ ነበር፤ የሚያሳፍረውም እሱ ነው። ጉዳዩ ደግሞ የውሻ ነው። አትሳቅ!

በጃናሞራ በኩል ከሰሜን ተራሮች ፓርክ ጋር በሚዋሰኑት ቀበሌዎች ውሾች የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሊከተቡ ነው፤ ለቀይ ቀበሮው ሲባል። በአገሪቱ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 በታች ናቸው፤ እናንተ ተራራ ላይ ያሉት ደግሞ ጥቂት አሥሮች። በቡድን ስለሚኖሩ፣ እርስ በርስ ስለሚላላሱ፣ አንዱን የነከሰ እብድ ውሻ ሁሉንም ነከሰ ማለት ነው። በ1996 ዓ.ም. ባሌ ውስጥ፣ ዌብ ሸለቆ፣ ይኸው በሽታ ከአራት ሦስቱን ጨርሷል። ቀበሮው ዋና ቀለቡ አይጥ ሆኖ ሳለ ተኩላ ለበላው በግ ይታማል፤ እሱን እንኳ አንተ ታውቀዋለህ። ጉሮሮውና ደረቱ ነጭ፣ አፉ ቀጭን፣ የጭራው ጫፍ ጥቁር ከሆነ የበግ ሌባው እሱ አይደለም።

ለውሻ ብለህ ሰው ብትጠራ ማንም አይመጣልህም። በግና ፍየል ይከተባል ብለህ ጥራ፤ ሰውዬው መንጋውን ሲነዳ ውሻው ራሱ ተከትሎ ይመጣል። ይህ ማታለል አይደለም። ደስታ መሰል የሚባለው የበግና የፍየል በሽታ መንጋው ውስጥ በገባበት ቀን ዋልያውም አይተርፍም፤ ዘመዱ ነውና አንድ ሣር ላይ ይገናኛሉ። ሞንጎሊያ በ2009 ዓ.ም. ከበግና ፍየል ተሻግሮ ሳይጋ የሚባለውን የዱር እንስሳ በሺዎች ፈጅቷል። ዋልያ ደግሞ ከዚህ ተራራ ሌላ የትም የለም፤ በየትኛውም አገር የእንስሳት ማቆያ ውስጥ እንኳ አንድ የለም። ስለዚህ በግና ፍየሉ በአንድ መርፌ ለዓመታት ይጠበቃል፣ ውሻው በየዓመቱ ይደገምለታል። የአበል ወሬ ግን አይነሳ፤ አንዴ ከተጀመረ በሚቀጥለው ዓመት ያለ አበል ገመድ የሚይዝ አታገኝም።

ጊዜው ከጥር እስከ መጋቢት ቢሆን ይሻላል። አዝመራ ተሰብስቧል፣ መንገዱ ደርቋል፣ የቀበሮዎቹ መራቢያ ነሐሴም ገና ነው። የገበያ ቀን እንዳይሆን፤ ባለቤቱም ውሻውም አይገኙም። ማስታወቂያው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ይነገር፣ በየሰንበቴውም ይደገም።

ብዙውን ጊዜ ነገሩ የሚበላሸው በክትባት ሳጥኑ በረዶ ነው። የውሻው ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈልጋል። ሰው ሙቀቱን ይፈራና ብልቃጡን ከበረዶው ጋር አጣብቆ ያስቀምጠዋል፤ ከረጋ ደግሞ ያው ሞተ። በመካከላቸው ካርቶን ወይም ወፍራም ጨርቅ ይግባ። የበግና የፍየሉ ተበጥብጦ የሚሰጥ ስለሆነ ከተበጠበጠ ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆይ፤ መንጋው በረት ገብቶ ሳይቆም ብልቃጥ አይከፈት።

ውሻው ሦስት ወር የሞላው ይሁን። አንድ ሚሊ፣ ከማጅራቱ ቆዳውን ቆንጠጥ አድርጎ ከቆዳ ሥር፤ ለእያንዳንዱ አዲስ መርፌ። አፉ በሽቦ እንዳይታሰር፤ ስንጥቅ ጨርቅ አፍንጫው ላይ ሁለት ዙር፣ ከአገጩ ሥር አቋርጦ ከጆሮው ኋላ ይቋጠር። ለአባወራው እሺ የማይል ውሻ ለእረኛው ልጅ ይተኛል፤ ስለዚህ ልጁ ያባብለው፣ የሚይዘው ግን አዋቂ ይሁን። ሰው ከተነከሰ ቁስሉ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብና በቀጥታ ጤና ጣቢያ። አረቄና በርበሬ የሚለውን ሐኪም አባርልኝ።

የተከተበው ሁሉ አንገቱ ላይ ቀይ ጨርቅ ይታሰርለት። በማግስቱ በጠዋት አንድ ሰው መንደሩን ዞሮ ያየውን ውሻ ይቁጠር፤ 40 አይቶ 28ቱ ጨርቅ ካላቸው 70 በመቶ ነው፣ ይበቃል። 20 ብቻ ከሆነ ተመልሰን መግባት አለብን። የሚጎድሉት ሁልጊዜ እነዚያው ናቸው፤ ከከብቱ ጋር ደጋው ላይ የሚያድሩት። ቀበሮ የሚያገኙት ግን እነሱ ናቸው። ቤት የሚውለውን ውሻ ብቻ ከትቦ መመለስ ምን ይሠራል? ስለዚህ ለእረኞቹ ሌላ ቀን፣ ሌላ ሳጥን፣ በቅሎ።

አሁን ወደ... እንዴት ልበልህ። አማትህ። ውሾቻቸውን አላስከትብም ብለዋል አሉ፤ መርፌ የወጋው ውሻ አይጮህም፣ ጅብ ሲመጣ ይተኛል ብለው። ሰዉ ደግሞ የእሳቸውን አፍ ነው የሚያየው፤ እሳቸው እምቢ ካሉ ያ ጎጥ በሙሉ ውሻውን ገደል ሥር ይደብቃል። ከዚህ በፊት በየሰፈሩ የባዘነ ውሻ በመርዝ ሲገደል ስላዩ አይፈረድባቸውም። አንተ ንገራቸው፦ ቢበዛ አንድ ቀን ድብት ይለዋል፣ ሌሊት ጥበቃው አይጎድልም። ካላመኑ አንዱን ብቻ ይስጡና ሳምንት ይዩት፤ እኛ ተመልሰን ሌሎቹን እንከትባለን። በደብዳቤ አይሆንም፣ ሄደህ ንገራቸው፣ ቡና ላይ። እኔ ብሄድ ከጎንደር የመጣ ካኪ ለባሽ ብለው በር ላይ ያቆሙኛል፣ ታውቃቸዋለህ።

የጎጡን የውሻ ብዛት ደግሞ ቤት ለቤት ጠይቀህ ላክልኝ፤ ክትባቱን ያለ ልክ ማውጣት አልፈልግም። ሰው ሁለት አለኝ ሲልህ ሦስት ብለህ ጻፍ። እና ለባለቤትህ ይህን ደብዳቤ እንዳታሳያት፤ ስለ አባቷ የጻፍኩትን ካየች ለዓመት በዓል ዶሮ ወጥ የማገኝ አይመስለኝም።

ወንድምህ፣ ከጎንደር