ጣርማ በር ድረስ፦ የታሪክና ጂኦግራፊ ክበብ የዓመቱ ሥራ

በቀጥታ ልጀምር። ዘንድሮ መምህራን ክፍል ውስጥ "ይሄ ክበብ አንድ መንገድ ይዞ ዓመቱን ጨረሰ" ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው፣ አንድ መንገድ ነው የያዝነው። ግን መንገዱ በራችን ላይ የሚያልፈው የአዲስ አበባ–ደሴ መንገድ ነው። ልጆቻችን ጠዋትና ማታ ይሻገሩታል። ማን ሠራው፣ ማን አፈረሰው፣ ማን አለፈበት ብሎ የጠየቃቸው ሰው ግን አልነበረም።

ስብሰባውን ቶሎ ልለፈው። ጥቅምት ላይ ምዝገባ፣ የአመራር ምርጫ፣ ዕቅድ። ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ተሰበሰብን፣ ፈተና ሲደርስ ተውነው። ቃለ ጉባኤው ፋይል ውስጥ ስላለ ማየት የሚፈልግ ይምጣ።

በመጀመሪያው ሴሚስተር ካርታ ሠራን። ካርቶኑን ከሱቅ ለምነን፣ ሙጫውን ከዱቄት አፍልተን ነው የሠራነው። ከለገጣፎ ተነስቶ ሰንዳፋ፣ አለልቱ፣ ሸኖ፣ ጫጫ እያለ እኛ ጋ፣ ደብረ ብርሃን፣ ይደርሳል። ከእኛ በኋላ ጉዶ በረት፣ ጣርማ በር፣ ደብረ ሲና፣ አርማንያ፣ ሸዋ ሮቢት፣ ሰንበቴ፣ አጣዬ፣ ካራቆሬ፣ ከሚሴ፣ ሐርቡ፣ ኮምቦልቻ፣ ከዚያ ደሴ። 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሰንበቴና አጣዬ የትኛው ይቀድማል በሚለው ላይ ክበቡ ለሁለት ተከፍሎ ሊጣላ ነበር፣ አጎቱ በመስመሩ ሚኒባስ የሚነዳ ልጅ ስልክ ደውሎ ገላገለን።

ታሪኩን ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ ነው የገባንበት። ብዙዎቻችሁ መንገዱን ጣሊያን ከባዶ የሠራው ይመስላችኋል። አይደለም። ከወረራው በፊትም መኪና ወደ ደሴ ይሄድ ነበር። ሚያዝያ 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር አዛዥ ባዶሊዮ ከ1,500 በላይ መኪና አሰልፎ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ የመጣው በዚሁ ነው። የእኛ ሰዎች ጣርማ በር ላይ መንገዱን አፍርሰው ጠበቁት። የጣሊያን ወታደሮች ያንን እስኪጠግኑ ድረስ ያ ሁሉ መኪና ዳገቱ ላይ ተገትሮ ቀረ። አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ነው። የጣርማ በር ዋሻ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጣሊያኖች መንገዱን "የድል መንገድ" ብለው እስከ አስመራ ሲያነጥፉት ተራራውን 587 ሜትር ያህል በሱት። ድሉ አምስት ዓመት ነው የቆየላቸው። በ1933 ከእንግሊዝ ጎን ሆኖ ጣሊያንን የሚወጋው የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ በዚያው መንገድ ወደ ሰሜን ወጥቶ ሚያዝያ ላይ ደሴን ያዘ። በመሃል ባሉት ዓመታት ደግሞ እነ ራስ አበበ አረጋይ በሰሜን ሸዋ ገደል ለገደል ጠላትን እንቅልፍ ነስተውታል።

ከነፃነት በኋላ ያለውን ልጆቹ ይበልጥ ወደዱት። በ1943 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከዓለም ባንክ 5 ሚሊዮን ዶላር ለመንገድ ተበደረች። የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት የተቋቋመውም በዚያው ዓመት ነው። አንድ የአሥረኛ ክፍል ልጅ ይህን ሲሰማ "ቲቸር፣ እኛስ ለክበባችን መበደር አንችልም?" አለኝ። ለወተመህ (ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት) አስተላልፌዋለሁ።

ደስ የማይለውንም አልዘለልነውም። በ1965 ዓ.ም. የተራቡ የወሎ ገበሬዎች ችግራቸውን ለመናገር በዚህ መንገድ ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ ፖሊስ መልሷቸዋል። ይህን ያነበብን ቀን ሁሌ የሚያወራው የኋላ ወንበር እንኳ ዝም አለ።

አሁን ወደ ጉዞው። መጋቢት ላይ ጣርማ በር ወጣን። ከእኛ 50 ምናምን ኪሎ ሜትር ነው፣ ሩቅ አይደለም፣ ግን አውቶብሱን ለማግኘት የፈጀብን ጊዜ ጉዞውን በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ጉዶ በረትን ስናልፍ ጉሙ ወረደ። ዋሻው አፍ ላይ ስንደርስ ሾፌሩ ፍሬቻውን እያበራ በእግር ፍጥነት ነበር የሚሄደው። ከዋሻው በወዲያኛው በኩል ስንወጣ ግን ሰማዩ ተከፈተና ደብረ ሲና ከታች ታየች። ብዙዎቹ ተማሪዎቻችን እዚህ ተወልደው አድገው ያንን ገደል አይተውት አያውቁም ነበር። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ከፍታ ተነስቶ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ሸዋ ሮቢት 50 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ይወርዳል። ገብስ ካለበት ቆላው ማሽላ ድረስ ማለት ነው። ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ እያልኩ ጠመኔ ከምጨርስ ይሄን አንድ ጊዜ ማሳየት ይሻላል። የበጀት ኮሚቴው ይህችን መስመር ደግሞ ያንብብልኝ።

አያቷን ይዛ የመጣችው ልጅ ነገር ነው ግን እስካሁን ከውስጤ ያልወጣው። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። ከገጠር መጥታ ቤት ተከራይታ የምትማር፣ ክፍል ውስጥ ስሟ ሲጠራ "አቤት" ከማለት ውጪ ድምጿን የማንሰማት። አያቷ ድሮ ኤንትሬ በሚባለው የጭነት መኪና ረዳት ነበሩ። ያኔ የአሰብ ጭነት በሚሌና በኮምቦልቻ አድርጎ በዚሁ ዳገት ነበር የሚወጣው። እሳቸውም ጨው ጭነው ጣርማ በርን ለመውጣት ሲያምጡ ያድሩ እንደነበር ነገሩን።

ሽማግሌው መንገድ ዳር አንድ ድንጋይ አነሱ። "ታኮ ይሄን ያክላል፣ ግን እንጨት ነው" አሉ። ረዳቱ ታኮውን ታቅፎ ከኋላ ይንጠለጠላል። መኪናው ማርሽ ሲቀይር ኃይል ካጣ ወርዶ ሮጦ ከኋላው ጎማ ሥር ይወሽቃል። ያንን እኛ ፊት አደረጉት። በዚያ ዕድሜያቸው በአንድ እጃቸው ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ ጎንበስ ብለው ድንጋዩን ወደማይታይ ጎማ ሥር ገፋ አደረጉት፣ ከዚያ ቶሎ ወደ ኋላ ሸሸት አሉ። ሁሉም ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ደብተሯን ገልጣ "አባባ፣ ታኮው ቢንሸራተትብዎትስ?" አለቻቸው። "ሾፌሩ ይጮሃል፣ እኔ እዘላለሁ። ካልሰማሁ ደግሞ አንቺ እዚህ አትቆሚም ነበር" አሏት። ከዚያ በኋላ ሌላውን ሁሉ የጠየቀችው እሷ ናት። ውሎ አበሉን፣ ለራዲያተር ውኃ የሚቀዳበትን ምንጭ፣ ደብረ ሲና ላይ ቆሎ የሚሸጡትን ሴቶች፣ ሁሉንም ጻፈች። የወላጆች ቀን ላይ ካርታው ፊት ቆማ ለእንግዶች ያስረዳችውም እሷ ነች፣ ያለ ወረቀት።

ያልተሳካውም አለ። ደሴ ድረስ ለመሄድ አቅደን ነበር፣ ቀረ። ምክንያቱን መንገዱን የሚያውቅ ሰው አይጠይቀኝም። የሽማግሌውን ንግግር በስልክ ቀድተን ግማሹ ነፋስ ብቻ ሆነ። ደብረ ሲና አጠገብ ይዛባ በሚባለው ቦታ በ1998 ዓ.ም. ስለደረሰው የመሬት መንሸራተት የጀመርነውም ጥናት አላለቀም፣ እዚያ ያሉ ሰዎችን ሳናነጋግር መጻፍ አልፈለግንም። ካርታው ደግሞ ዝናብ የሚያፈሰው ክፍል ውስጥ ተሰቅሎ ከሚሴ ላይ በስብሷል። ለሌሎች ክበቦች ቁም ሳጥን ሲገዛ ደስ ብሎናል፣ ቅናት አይደለም፣ ግን አንድ ቁልፍ ያለው ሳጥን ብቻ ቢኖረን ከሚሴ ትተርፍ ነበር።

ለመጪው ዓመት የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ድምፅ መቅጃ፣ ለአንድ ጉዞ የሚሆን ነዳጅ፣ ያ ሳጥን። አሰብ መስመር ላይ የሠራችሁ ሾፌሮች፣ ረዳቶች፣ መንገድ ጥገና ላይ የነበራችሁ ወላጆችና አያቶች ካላችሁ በልጆቻችሁ በኩል መልእክት ላኩብን፣ ቤታችሁ ድረስ እንመጣለን። የድሮ ፎቶ ካላችሁም ኮፒ አድርገን በማግስቱ እንመልሳለን። የኮፒውን ዋጋ እስካሁን ከኪሴ ነበር የምችለው፣ መስከረም ላይ ከውስጥ ገቢ እንደሚሸፈን ርእሰ መምህሩ ቃል ገብተውልናል፣ እዚህ የጻፍኩትም እንዳይረሱት ነው።