ዘመድ ቢሆንም ደሞዙ ይታወቅ

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። ስለ አነስተኛ ንግድ ስትጽፉ ብድሩን፣ የቤት ኪራዩን፣ የዕቃውን ዋጋ ታነሳላችሁ፤ ጥሩ ነው። ግን እኛ ትንንሽ ነጋዴዎች ማንን ይዘን፣ በምን ስምምነት እንደምንሠራ ሲነሳ አላየሁም። እኔ ሳሪስ አካባቢ ትንሽ ፎቶ ቤት አለኝ፣ 12 ዓመት ሆነኝ። ጉርድ ፎቶ አነሳለሁ፣ ሠርግና ምርቃት እቀርጻለሁ። በእነዚህ ዓመታት ካሜራም ተበላሽቶብኛል፣ ደንበኛም ከድቶኛል፤ እንደ እህቴ ልጅ ጉዳይ ያመመኝ ግን የለም።

መጀመሪያ ለምን ዘመድ እንደምናስገባ ልናገር። ለሠርግ ይዘን የምንወጣው አንድ ቦርሳ ውስጥ የፎቶ ቤቱ ግማሽ ሀብት አለ። የማታውቀውን ልጅ ስትቀጥር ተያዥ አምጣ ትላለህ፣ ትናንት ከክፍለ ሀገር የመጣ ልጅ ደግሞ ደሞዝተኛ ተያዥ ከየት ያመጣል? የእህትህ ልጅ ከሆነ ግን ተያዡ እናቱ ናት። ደግሞም ዘመድህ ሥራ አጥቶ ተቀምጦ ባዳ ብትቀጥር ስምህ በየለቅሶው ይነሳል። ይሄን ሁላችንም እናውቀዋለን።

ፎቶ ድሮም የቤተሰብ ሥራ ነው። የአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ የነበረው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ሙያውን ለልጆቹ አውርሶ፣ ሃይጋዝና ቶኒ ተከታትለው ሠርተውበታል፣ እስከ አፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን። ስለዚህ «ዘመድ አትቅጠር» ከሚሉት ወገን አይደለሁም። የእኔ ነገር ሌላ ነው።

የእህቴ ልጅ 12ኛ ክፍልን ጨርሶ ከደሴ መጣ። እናቱ በስልክ «እንደ ልጅህ አድርገህ ያዘው» አለችኝ፣ እኔም እሺ አልኩ። ቤቴ አደረ፣ ከልጆቼ ጋር በላ፣ ጫማ ሲያልቅበት ገዛሁለት። ደሞዝ ግን አልተነጋገርንም። እኔ እንዴት ከገዛ ልጄ ጋር ስለ ደሞዝ አወራለሁ ብዬ ተውኩት፣ እሱ ደግሞ አፍሮ አልጠየቀም። ልጁ ጎበዝ ነበር። ጥቅምት ላይ ሰው ዲቪ ሊሞላ ሲጎርፍ መነጽር እያስወለቀ፣ ፎቶውን 600 በ600 ፒክስል እያደረገ፣ ያለፈውን ዓመት ፎቶ ይዞ የመጣውን በትህትና እያስረዳ፣ እኔን ከወንበሬ አያስነሳኝም ነበር። ሁለት ዓመት እንዲህ ሠራ።

ከዚያ ጥር መጣ። ሙያውን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጥምቀት አልፎ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ያለችው ጊዜ የዓመቱን ኪራይ የምትከፍል ናት። በአንድ ቅዳሜና እሁድ ሦስት ሠርግ ያዝኩ። ቅዳሜ ሌሊት ቤት የገባነው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ልጁ ሦስት ሰዓት እንኳ ሳይተኛ ለእሁዱ ሠርግ ባትሪ ሞልቶ የካሜራ ካርድ ሲያዘጋጅ፣ ገና ያልተገለበጠውን የቅዳሜ ካርድ ፎርማት አድርጎ አጠፋው። በዚያ ካርድ ላይ ሙሽራዋ የአባቷን ጉልበት ስትስም ነበር። አባትየው ሽማግሌ ናቸው፣ እያለቀሱ ነው የመረቋት። ግማሽ ክፍያውን መለስኩ። ሙሽራዋ «ገንዘቡን ምን ላድርገው?» ብላ አለቀሰች።

እኔ ፎቶ ቤቱ ውስጥ ደንበኛ ቆሞ እያየ ጮህኩበት። ልጁ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ፦ «ጋሼ፣ ከደሞዜ ቁረጥ እንዳልልህ ደሞዝ የለኝም።»

በሳምንቱ ደሞዝ ወደሚከፍለው ሌላ ፎቶ ቤት ሄደ። እህቴ ሁለት ዓመት ሊሞላ ትንሽ እስኪቀረው ድረስ ስልኬን አላነሳችም፣ የተገናኘነው ደሴ ለቅሶ ላይ ነው። እኔ በፊት ልጁ ውለታ የበላ ይመስለኝ ነበር። አንድ ማታ ቁጭ ብዬ ለባዳ ብከፍል ኖሮ የሁለት ዓመቱ ደሞዝ ስንት ይሆን እንደነበር ደመርኩት። የሰጠሁትን ጫማና ልብስም አሰብኩ። አይገናኝም። ውለታ የበላሁት እኔ ነበርኩ። ገንዘቡን በአራት ጊዜ ከፈልኩት።

አዋጁንም ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው ይላል። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ነገር ጽፎ፣ ፈርሞ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። የትርፍ ሰዓት ክፍያ የመደበኛው የሰዓት ክፍያ ቀን ላይ አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ 1.75 እጥፍ፣ በዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በበዓል ቀን ሁለት ተኩል እጥፍ ነው። ጡረታው ደግሞ በሌላ አዋጅ ከአሠሪ 11፣ ከሠራተኛ 7 በመቶ ነው። ባልደረቦቼ ይሄን በደንብ እዩልኝ፦ ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይቀጠርም፤ ከ18 በታች የሆነውን ደግሞ ማታም፣ ትርፍ ሰዓትም፣ በዕረፍትና በበዓል ቀንም ማሠራት ክልክል ነው። እሁድ ማታ በየአዳራሹ መብራት ተሸክመው የሚቆሙት የ16 ዓመት የወንድምና የእህት ልጆች ስንት ናቸው? ሰኞ እኮ ትምህርት ቤት ይገባሉ። «ሙያ እያስተማርኩት ነው» እንላለን። በእውነት እያስተማርነው ከሆነ ካሜራውን እናስይዘው እንጂ እስከ እኩለ ሌሊት መብራት ብቻ አናሸክመው።

አሁን የባለቤቴ ታናሽ እህት አብራኝ ትሠራለች። አንድ ገጽ ውል በእጅ ጻፍን። ደሞዝ ወር በገባ በ30፣ ዕረፍት ሰኞ፣ ያነሳችውን ፎቶ ቴሌግራም ላይ ስትለጥፍ ሙሽሮቹን አስፈቅዳ። መጀመሪያ ባለቤቴ ተቀይማ ነበር፣ «እህቴን አታምናትም?» አለችኝ። አምናታለሁ፣ ራሴን ነው ያላመንኩት። የሞላ ካርድ በፕላስተር ታሽጎ ለብቻው ይቀመጣል፣ ሁለት ሃርድ ዲስክ ላይ ተገልብጦ እኔ ሳላየው ማንም አይነካውም። እሷ ስትመጣ ደግሞ ሥራው ራሱ ሰፋ። ሙሽራዋ የምትለብስበት ክፍል እኔ በሩ ላይ ቆሜ ስቀር፣ እሷ ገብታ የእናትየውን እጅ ቀሚሱን ስትቆልፍ ታነሳለች። የሙስሊም ሠርግ ላይ የሴቶቹን ወገን እንድንይዝ የሚጠሩን አሁን በእሷ ስም ነው። ባለፈው ዓመት ደሞዟን ስጨምርላት ሁለታችንም ውሉን አውጥተን ቁጥሩን ሰርዘን ፈረምን፣ አምስት ደቂቃም አልፈጀም።

ለጥር ሁለተኛ ካሜራማን ያስፈልገኛል። ለእህቴ ልጅ ደወልኩለት። አሁን የራሱ ካሜራ አለው። የቀኑን ዋጋ ነገረኝ፣ አልተከራከርኩም፣ ማታ ወደ ቤቱ የሚመለስበትን ትራንስፖርትም ጨመርኩ። ቀብዱን ትናንት በቴሌብር ላክሁለት።

ከሳሪስ፣ አንድ ፎቶ አንሺ