ቀለሙን የያዘው ቅርፊትስ የት ይግባ?

ውድ አዘጋጅ፣

ሰሞኑን የሽሪምፕና የሸርጣን ቅርፊት የጨርቃጨርቅ ማቅለሚያን ከፍሳሽ ውሃ ውስጥ እንደሚያወጣ የጻፋችሁትን አነበብኩ። ደስ ብሎኛል፣ ስለዚህ ነገር የሚጽፍ ብዙ የለም። ግን ጽሑፋችሁ ያለቀው ውሃው የጠራ ጊዜ ነው። ጨርቅ ማቅለሚያ ላቦራቶሪ ውስጥ ዓመታት ሠርቻለሁ፣ እና እኛ ጋ ጭንቁ የሚጀምረው ልክ እዚያ ጋ ነበር።

መጀመሪያ ግን ነገሩ እውነት ነው ወይ ለሚል ሰው፣ አዎ እውነት ነው። ጥጥ በሪአክቲቭ ቀለም (ከጨርቁ ጋር በኬሚካል ተጣብቆ የሚይዝ ቀለም ነው) ሲነከር ቀለሙ ሁሉ ጨርቁ ላይ አይቀርም። እንደ ቀለሙና እንደ አሠራሩ ከ10 እስከ 50 በመቶው ሳይዝ ይቀርና ከእጥበቱ ጋር ይወጣል። ቀለሙ ደግሞ ከመነሻው ፀሐይም ሳሙናም ላብም እንዳያስለቅቀው ተብሎ የተሠራ ነው። ስለዚህ በተለመደው የፍሳሽ ማጣሪያ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ሌላውን ቆሻሻ ሲበሉ እሱን አልፈውት ይሄዳሉ። ወንዝ ሲደርስ ብርሃን ይጋርዳል፣ የውሃ ውስጥ ዕፅዋትም ብርሃን ሲያጡ ኦክስጅን መሥራት ያቅታቸዋል። አዞ ከሚባሉት ማቅለሚያዎች (ስሙ ነው እንጂ ከእንስሳው ጋር አይገናኝም) አንዳንዶቹ ኦክስጅን በሌለበት ሲሰባበሩ አሚን የሚባሉ ካንሰር የሚያመጡ ኬሚካሎች ይወጣቸዋል። ቀልድ አይደለም።

ቅርፊቱ በዋናነት ሦስት ነገር ነው፦ ፕሮቲን፣ ካልሲየም ካርቦኔት (ኖራ ድንጋይ የተሠራበት ነገር) እና ካይቲን የሚባል ጠንካራ ነገር። አሲድ ሲፈስበት እየተንቻቻ አረፋ ይደፍቃል፣ ያ ካልሲየሙ ሲለቅ ነው። ፕሮቲኑ በቀጠነ ኮስቲክ ሶዳ (የአሲድ ተቃራኒ የሆነ ኃይለኛ ኬሚካል) ይወጣል። የቀረው ካይቲን ደግሞ ከ40 እስከ 50 በመቶ በሚደርስ ወፍራም ኮስቲክ ሶዳ ውስጥ ሲቀቀል ካይቶሳን ይሆናል። አዲስ ነገርም አይደለም፤ ካይቲንን ፈረንሳዊው ብራኮኖ በፈረንጆቹ 1811 ከእንጉዳይ አውጥቶታል፣ ካይቶሳን የተሠራው በ1859 ነው፣ እንግሊዛዊው ኬሚስት ዊልያም ፐርኪን ሰው ሠራሹን ሐምራዊ ማቅለሚያ ካገኘ ከሦስት ዓመት በኋላ ማለት ነው። ካይቶሳን በትንሹ አሲድነት ባለው ውሃ ውስጥ ፖዘቲቭ ቻርጅ ይይዛል። ሪአክቲቭ ቀለሙ ኔጋቲቭ ነው። ይሳሳባሉ፣ ሌላ ምስጢር የለውም።

እኛም ሞክረነዋል። ንጹህ ውሃ ላይ ሰማያዊ ሪአክቲቭ ቀለም በጠብጠን የካይቶሳን እንክብሎች ጣልንበት፣ ነጣ ያሉ፣ የአተር ግማሽ የሚያህሉ። በማግስቱ ጠዋት ስንገባ ውሃው ኩልል ብሏል፣ እንክብሎቹ ጠቁረዋል። አንዷን አንስቼ በምላጭ ለሁለት ሰነጠቅኳት። ዳሯ ድቅድቅ ያለ ሰማያዊ ነው፣ ወደ ውስጥ ሲገባ እየፈዘዘ ይሄድና መሃሏ ላይ ገና ነጭ ነው። ማለትም ገና ቦታ አላት፣ ገና መያዝ ትችላለች። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ አልረሳውም።

ቀጥለን የፋብሪካውን የራሱን ፍሳሽ አመጣን። እሱ ሌላ ዓለም ነው። ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፣ 7 መሃሉ ነው፣ ከዚያ በላይ የአሲድ ተቃራኒ ነው) 11 አካባቢ ነው፣ ምክንያቱም ሪአክቲቭ ቀለም ጥጥ ላይ የሚይዘው በሶዳ ነው። እዚያ ላይ ካይቶሳኑ ቻርጅ የለውም፣ አይስብም። አሲድ ጨምረን ማውረድ ነበረብን፣ አበዛነው፣ እንክብሎቹም እንደ እንቁላል ነጭ ተዝለገለጉና ሟሙተው ጠፉ። ካይቶሳን በአሲድ ይሟሟላ! እንዳይሟሟ በሌላ ኬሚካል እርስ በርሱ ማስተሳሰር ይቻላል፣ ግን ያ ኬሚካል የሚይዘው ቀለሙ የሚቀመጥበትን ቦታ ስለሆነ እንክብሉ የሚሸከመው ይቀንሳል። ጨውም አለ። ቀለሙ ወደ ጥጡ እንዲሄድ ተብሎ በአንድ ሊትር ከ40 ግራም በላይ ጨው የሚገባበት ጊዜ አለ፣ ያ ጨው ፍሳሹ ውስጥ ከቀለሙ ጋር ቦታ ይሻማል። እንደ ሜቲሊን ብሉ ያሉ ፖዘቲቭ የሆኑ ቀለሞች ሲመጡ ደግሞ ካይቶሳን ብቻውን ብዙም አይዛቸውም። ስለዚህ 95 በመቶ ጠራ፣ 99 በመቶ ጠራ የሚል ቁጥር ስታዩ እባካችሁ በየትኛው ውሃ ላይ ብላችሁ ጠይቁ። አንድ ቀለም ብቻ በተበጠበጠበት ንጹህ ውሃ ላይ ከሆነ ገና ምንም አልታወቀም።

ወደ ዋናው ልምጣ። ቀለሙ አልጠፋም። ከውሃው ወጥቶ እንክብሉ ውስጥ ገባ፣ ሌላ ምንም አልሆነም። እንክብሉ ሲሞላ ምን ይደረግ? በኮስቲክ ሶዳ ሲታጠብ አብዛኛውን ቀለም ይለቅና እንደገና ይሠራል፣ ያኔ ግን እጅግ የወፈረ ቀለም የያዘ ጥቂት ውሃ በእጃችሁ ላይ አለ። ከሙሉ ገንዳ ይልቅ አንድ ባልዲ ማስወገድ ስለሚቀል ይሄ ራሱ ጥቅም ነው፣ አልክድም። ሳይታጠብ የሚጣል ከሆነ ግን አስቡት። ካይቶሳንን ሁሉም የሚያወድሰው በቀላሉ ስለሚበሰብስ ነው። መሬት ውስጥ ተቀብሮ ሲበሰብስስ የያዘው ቀለም የት ይሄዳል? መልሶ ይለቀዋል። ሙገሳው ራሱ እዚህ ጋ ጉዳት ይሆናል።

ካይቶሳኑን ለመሥራት የፈሰሰው አሲድና ኮስቲክ ሶዳም ፍሳሽ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደረጃዎች በላክቲክ አሲድ ባክቴሪያ አብላልቶ መሥራት ይቻላል፣ ወፍራሙን ኮስቲክ ሶዳ ግን ማስቀረት ከባድ ነው። በዓለም ላይ በዓመት ከ6 እስከ 8 ሚሊዮን ቶን የሚገመት የሸርጣን፣ የሽሪምፕና የሎብስተር ቅርፊት ይጣላል። ጥሬ ዕቃው ሞልቷል። የሚጎድለው ሒሳቡን እስከ መጨረሻው የሚሠራ ሰው ነው።

እኔን ብትጠይቁኝ ቅርፊቱን ሁሉም ነገር በተቀላቀለበት ዋናው ገንዳ ላይ ማዋል ድካም ነው። የመጀመሪያው እጥበት ውሃ ከሌላው ሳይደባለቅ ለብቻው ቢጠራቀም፣ ቀለሙ የትኛው እንደሆነ ይታወቃል፣ መጠኑ ትንሽ ነው፣ ፒኤቹን ማስተካከልም ቀላል ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ተጨማሪ ቧንቧና አንድ ገንዳ ነው። ማቅለሚያ ክፍል የሚሠሩ ሰዎች ይሄን ከማንም በላይ ያውቁታል፣ ግን ስለ ፍሳሽ ሲወራ ማንም አይጠይቃቸውም።

ያነጋገራችኋቸውን ተመራማሪዎች መልሳችሁ የምታገኟቸው ከሆነ አንድ ነገር ጠይቁልኝ፦ ያገለገለውን ካይቶሳን አሁን የት ነው የሚያስቀምጡት? ስንት ጊዜስ አጥበው ተጠቀሙበት? መልሱን ብታወጡት በጣም አመሰግናለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የቀድሞ የማቅለሚያ ላቦራቶሪ ሠራተኛ